«ኤርፕሌን!» የሰው ላብ በላ ወይስ ሰራ?

የክርክሩ ርዕስ፦ «በድሮ ፊልሞች ላይ የሚያሾፍ ኮሜዲ የሰው ላብ ይበላል።» ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ነገር አላንዛዛም። «ኤርፕሌን!» የተባለው ኮሜዲ ፊልም በ1980 ሲወጣ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ሁሉም ጥርሱን ይገልጣል። ታሪኩ ግን በ1957 ከተሰራው፣ ቀልድ ከሌለው የአውሮፕላን ፊልም ከ«ዜሮ አወር!» የተወሰደ ነው። በምግብ የተመረዙት አብራሪዎች ከዚያ ናቸው። የጦርነት ትዝታ የሚያሰቃየው የቀድሞ ፓይለትም ከዚያ ነው። ስትራይከር የሚለው ስሙ እንኳ አልተቀየረም። ቃል በቃል የተገለበጠ ንግግርም ሞልቷል። ታዲያ የእነሱ ምኑ ነው? መንገዳገዱና መላተሙ? መውደቅማ ማንም ይወድቃል።

መጨረሻውንም አይተናል። እንዲሁ በሌሎች ፊልሞች የሚያሾፉ፣ በ2007 «ኤፒክ ሙቪ»፣ በ2008 «ዲዛስተር ሙቪ» ወጡ። የሰሞኑን ፊልም ስም ይጠራሉ፣ አንዱን ገጸ ባህሪ በጥፊ ይመታሉ፣ ያልፋሉ። ቀልዱ የታለ?

ተቃዋሚ፦

ጋሼ፣ ሌባ ሊሉ ከሆነ ቀስ ይበሉ። የ«ኤርፕሌን!» ሰሪዎች ጂም አብርሃምስና ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ዴቪድና ጄሪ ዙከር፣ የ«ዜሮ አወር!»ን መብት ገዝተው ነው የሰሩት። ሂሳቡ ተዘግቷል።

«መውደቅማ ማንም ይወድቃል» ያሉትን ግን አላልፈውም። የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮሜዲያን በስተር ኪተን በ1923 «ስሪ ኤጅስ» በሚለው ፊልሙ በዳይሬክተሩ ግሪፊዝ ፊልም በ«ኢንቶለራንስ» ላይ አሾፈ። ከአንድ ፎቅ ጣሪያ ወደ ሌላው ሲዘል ሳተ። ወደቀ፣ ተጎዳም። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ቀረጻ ይጥለው ነበር። እሱ ግን ሳይጥለው ቀጣይ ሰራለት። የመስኮት ጥላዎችን እየቀደደ ይወርዳል። አሸንዳ ይይዛል። አሸንዳው ይነቀልና በመስኮት ወደ እሳት አደጋ ጣቢያ ይወረውረዋል። በምሰሶው ተንሸራቶ መኪናው ላይ ያርፋል፣ መኪናው ይዞት ይሄዳል። ማንም ይወድቃል? እስቲ ይሞክሩት።

ደግሞም እኮ ዋናውን ፊልም ያላየ ሰው እንኳ ይስቃል።

ደጋፊ፦

«ያላየ ሰው እንኳ ይስቃል»! እሰይ። በገዛ አፍህ ጨረስክልኝ። ያላየው የሚስቅ ከሆነ ሹፈቱ የት ገባ? ግሪፊዝን ከዚያ ፊልም አውጣው፣ ሰውየው ከአሸንዳው ጋር ይቀራል። የአሸንዳ ቀልድ ብለህ ጥራው እንጂ በ«ኢንቶለራንስ» ላይ አሾፈ አትበለኝ።

ስለ 2007 እና 2008ቱ ዝም ማለትህን ደግሞ አይቻለሁ። በዕድሜ ብበልጥህም ዓይኔ ደህና ነው።

ተቃዋሚ፦

ስለ ዓይንዎ ማን ተናገረ? በጤናው ይጠቀሙበትና የ«ኤርፕሌን!»ን መጀመሪያ ይዩት። የአውሮፕላን ጭራ ብቻ ደመናውን እየሰነጠቀ ይመላለሳል። ሙዚቃው የ1975ቱ የሻርክ ፊልም፣ የ«ጆውስ» ነው። ከዚያ ድምፁን ይስሙ። አውሮፕላኑ ጄት ነው፣ ድምፁ ግን የፕሮፔለር። ለምን? የ«ዜሮ አወር!» አውሮፕላን ባለ ፕሮፔለር ስለነበረ። ያንን የሚያውቅ ይስቃል። የማያውቀው ደግሞ ጄት እንዲህ ሲንተከተክ ሰምቶ ይስቃል። አንድ ድምፅ ለሁለቱም ይሰራል። ያላየ ይስቃል ያልኩት ይሄንን ነው።

ደጋፊ፦

አሁንም እዚያው ነህ። ያላየው የሳቀው በተሳሳተ ድምፅ ነው። ድምፅ ማሳሳት ምን ጥበብ አለው?

ፊልሙን የተሸከሙት ተዋናዮቹ ናቸው። ሌስሊ ኒልሰን፣ ሮበርት ስታክ፣ ሎይድ ብሪጅስ፣ ፒተር ግሬቭስ። ሁሉም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ዕድሜ ልካቸውን የሰሩ ሰዎች ናቸው። ሳቁ የመጣው ከዚያ ከከረመ ክብራቸው ነው። ክብሩን የገነቡት ሌሎች ፊልሞች፣ የበላው «ኤርፕሌን!»። ይኸው የሰው ላብ!

ተቃዋሚ፦

ክብር በሉ እንዴ? ኒልሰን ከዚያ በፊት በኮሜዲ የሚያውቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን በሌላ አይታወቅም። ማን ማንን አበላ?

ደግሞ እርስዎ ንቀት የሚመስልዎት ነገር ብዙውን ጊዜ ፍቅር ነው። ኮሜዲ ሰሪው ሜል ብሩክስ በ1974 በድሮ የፍራንከንስታይን አስፈሪ ፊልሞች የሚያሾፈውን «ያንግ ፍራንከንስታይን»ን ሲሰራ በጥቁርና ነጭ ካልሆነ አልሰራም አለ። የላብራቶሪውን እቃ እንኳ ለ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» ከተሰራው እቃ ነው ያመጣው። የጠላ ሰው እንዲህ ይደክማል?

ደጋፊ፦

ፍቅርና ጥላቻን ማን አነሳ? ርዕሱ ላብ ነበር። አንተ ደግሞ ይኸው እቃው ሳይቀር የሰው መሆኑን መሰከርክልኝ። አመሰግናለሁ።

ተቃዋሚ፦

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ስለ «ዜሮ አወር!» አጥብቀው እየተቆረቆሩ ነው። እነዚያ ሦስት ልጆች ባያሾፉበት ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ማን ነበር? እርስዎስ ከየት ሰሙት?

ደጋፊ፦

መስማት ብቻ አይደለም፣ ከዳር እስከ ዳር ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ከ«ኤርፕሌን!» በፊት ይሁን በኋላ ያንተ ጉዳይ አይደለም።