ካርታው ላይ ያለው ልዩነት ኢምንት ነው

ስለ ጥንቱ የሕዋ ጨረር ካርታ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፣ ግን ዋናውን ነገር፣ ልኬቱ እንዴት እንደተሠራ፣ ዘሎታል። የጥንቱን የሕዋ ጨረር (ከታላቁ ፍንዳታ ተርፎ ሰማዩን ሁሉ የሞላውን ደካማ ጨረር) የሚያሳየውን ቀይና ሰማያዊ ካርታ ያየ ሰው ቀዩ የጋለ፣ ሰማያዊው የበረደ ይመስለዋል። አማካይ ሙቀቱ 2.725 ኬልቪን ነው፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ፤ ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ግን ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ቀለሙ የተጋነነው እንዲታየን ተብሎ ነው።

ታዲያ ይሄ እንዴት ይለካል? እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀችው ኮቤ ሳተላይት በ60 ዲግሪ የተራራቁ ሁለት የሰማይ ቦታዎችን እያየች፣ መቀበያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ እያቀያየረች ልዩነታቸውን ብቻ ትመዘግብ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የመሣሪያው የራሱ መዋዠቅ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ በመቀናነስ አብዛኛው ይጠፋል። ብልሃት ማለት ይሄ ነው! ውጤቱ በ1992 ይፋ ሆነ። በ2009 የመጠቀችው ፕላንክ ሳተላይት ደግሞ የራሳቸው ሙቀት ምልክቱን እንዳይሸፍነው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) የሚለኩ መሣሪያዎቿን እስከ 0.1 ኬልቪን አቀዝቅዛ ነው የሠራችው።

ከዚያ ከሌላ ምንጭ የመጣውን ምልክት ማጥራቱ አለ። የፀሐይ ሥርዓታችን በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከፊት ያለው ሰማይ በ3.4 ሚሊኬልቪን (የኬልቪን ሺኛ) ገደማ ሞቅ ብሎ ይታያል፣ ይሄ ብቻውን ከምንፈልገው ምልክት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ መጀመሪያ መቀነስ አለበት። የጋላክሲያችን አቧራ ግን ከሁሉም ያስቸግራል። ፕላንክ በ9 ፍሪኩዌንሲዎች የለካችው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ አቧራው በከፍተኛዎቹ ላይ ስለሚደምቅ ተለይቶ ይወጣል። እባካችሁ ጽሑፉን ስታሻሽሉ ይሄን ክፍል አስገቡት፣ ካርታውን ብቻ ማሳየት ልፋቱን ይደብቀዋል።