ምጣዱ ይነዝራል፣ ጫማ አድርጊ

ይህን አባባል ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምጣዱ ይነዝራል፣ ጫማ አድርጊ። ወይ ደግሞ ጣውላ ላይ ቆመሽ ጋግሪ። የሚባለው ለእናት ነው፣ ለእህት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለቤት ሠራተኛ። ምጣዱን ቅዳሜ ከሰዓት በካቻቢቴና በፒንሳ ፈትቶ የገጠመው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ወንድ ነው። እሱ አይጋግርም።

ሰው ቤቱን በራሱ እጅ ቢጠግን አልቃወምም። የባለሙያ ዋጋ ይታወቃል፣ ባለሙያ ነኝ ብሎ የሚመጣውም ሁሉ ባለሙያ አይደለም። የሚያናድደኝ አንዱ ጠግኖ ሌላዋ እንድትነዘር መደረጉ፣ ይህም እንደ ተራ ነገር መቆጠሩ ነው።

ነዘረኝ ስትል ኮረንቲው በሰውነቷ አልፎ ወደ መሬት እየሄደ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥና ውኃ እስከ ሽቦው ይሰርጋል፣ ከዚያ ኮረንቲው ወደ ቆርቆሮው ጠርዝ ይወጣል። ደረቅ ጫማ ትንሽ ይከላከላል። ወለሉ ሲረጥብ ወይም በሌላ እጇ የቧንቧውን ብረት ስትነካ ግን ጫማው ምን ያደርግላታል?

ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይወርድም? ምክንያቱም እሱ የተሠራው ገመዱን ከቃጠሎ ለማዳን ነው። 20 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ በላይ ካልተሳበ ዝም ይላል፤ ሰውን ለመግደል ደግሞ የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ ይበቃል። ለሰው የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው፤ የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ይቆርጣል። ከእሱ ጋር ግራውንድ፣ ማለትም አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ፣ ከምጣዱ ቆርቆሮ ጋር መታሰር አለበት። በብዙ ቤት ያ ሽቦ ሶኬቱ ጀርባ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚሠራው ጥገና ግን እዚህ ጋ አይደርስም። የተበጠሰው የምጣድ ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ይጠመዘዛል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኮረንቲ ይጨምራል፣ የተጠመዘዘው ቦታም ይግላል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ደግሞ በባለ 32 አምፔር ይቀየራል፤ የድሮው ፊውዝ ከሆነ የመዳብ ክር ይጠመጠምበታል። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ ላይ ይህን ጭኖ ጠባቂውን ማንሳት እሳት መጥራት ነው፣ ከዚህ ለስለስ አድርጌ ልለው አልችልም።

አምፖል ቀይር። ፊሻ ቀይር፣ ብሎኑን አጥብቀህ እሰር። ከዚያ በላይ ከሄድክ ግን መብራት የጠፋበትን ሰዓት ጠብቀህ እንዳትጀምር፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ መብራት ደግሞ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ብሬከሩን አውርድ፣ ቤት ላለው ሁሉ ንገር፣ ኮረንቲ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር መጀመሪያ ኮረንቲ ባለው ሶኬት ላይ ሞክረህ መሥራቱን እይ።

የሚነዝር ምጣድ ያላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። ግራውንድ መኖሩን የሚያይላችሁና አርሲዲ የሚገጥምላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ሒሳቡንም ከቤቱ ወጪ ቁጠሩት። እስከዚያ እንጀራ ከሱቅ ይገዛ።