መብራቱስ?

ስለ ትምህርት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለእያንዳንዱ ተማሪ የግል አስጠኚ ይሆናል» ይላል። ደስ ይላል። እኔ ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ አይሲቲ (የኮምፒውተር ትምህርት) አስተምራለሁ። ማውስ ምን እንደሚመስል ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስዬ ነው የማሳየው። ኮምፒውተሮቻችን በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ተዘርፈዋል። የተረፈችው አንዷ ከቢሮ አትወጣም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ደሴ ያለ ልጅ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ይለማመዳል። የኔዋ ተማሪ ግን የአባቷን ስልክ ቅዳሜ ገበያ ወስዳ ቻርጅ ታስደርጋለች። እሁድ ማታ ይዘጋባታል። (በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ናት እኮ!)

ኔትወርክ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም የለብንም። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ትምህርቱ አንድ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ፣ ተማሪዎች በሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ከሱ ይከፍቱታል። ላፕቶፕ፣ ራውተርና ሶላር፣ በቃ። አብዛኛው ቪዲዮ እንግሊዝኛ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው። አማርኛ የሚጨምርበት ሰው ቢገኝ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር።

ጸሐፊው አንድ ቀን ብቅ ይበሉ፤ ቡና እናፈላለን። ስልክዎን ግን ሞልተው ይምጡ።