የኦርኬስትራ መሪ በኮንሰርት ምሽት አይመረጥም

ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የማኅበረሰብ ኦርኬስትራ አላቸው። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኛ አይደሉም። ቀን ቀን ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም ጡረተኛ ናቸው። በሳምንት አንድ ማታ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ይለማመዳሉ፤ በዓመት አራት አምስት ኮንሰርት ያቀርባሉ። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው መሪው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ክፍያ ቤተሰብ አያስተዳድርም። እኔም ከእነዚህ በአንዱ ሁለተኛ ቫዮሊን እጫወታለሁ፤ ወንበሬ ከኋላ ነው።

መሪው ሲለቅ የሚሆነው ከሞላ ጎደል የትም አንድ ነው። ቦርዱ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ማመልከቻ ይጎርፋል። በዚህች ክፍያ እንዴት ይጎርፋል ትሉ ይሆናል። ፒያኒስት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። መሪ ግን ሃምሳ ስልሳ ሰው ፊቱ ካልተቀመጠ ሙያውን መለማመጃ የለውም። ኮሚቴው ከአመልካቾቹ ሦስት ወይም አራት ሰው ያስቀራል። በቀጣዩ ዓመት እያንዳንዱ እጩ አንድ አንድ ኮንሰርት ይመራል። ተመልካቹ መጠይቅ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ቦርዱ ድምፅ ይሰጣል።

አካሄዱ መጥፎ አይደለም። የማይዋጥልኝ ለኮንሰርቱ የሚሰጠው ክብደት ነው። ኮንሰርት ማለት የአምስት ስድስት ሳምንት ሥራ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ናቸው። ያን ማታ ሁሉም ሰው ልብሱን አሳምሮ፣ ነርቩ ተወጥሮ ይጫወታል። የቼኩ አቀናባሪ የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ እንዲመራ የደረሰው እጩ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ጭብጨባው ግን በአብዛኛው የድቮርዣክ ነው፤ ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1893 ጀምሮ ሰው ሲያስነሳ የኖረ ነው። ማንም የማያውቀው አስቸጋሪ አዲስ ድርሰት እንዲመራ የደረሰው እጩ ደግሞ በትሕትና ይጨበጨብለትና ይሸኛል። የቱ ይሻላል? ከአዳራሹ ወንበር ሆኖ መለየት አይቻልም።

የማውቀው አንድ ኦርኬስትራ (ስሙን ልተወው) እንዲህ ነበር የመረጠው። የእጩው ኮንሰርት አስደናቂ ነበር። ሥራ ሲጀምር ግን ልምምዱ ወሬ ሆነ። ስለ ታላላቅ መሪዎች ተረት ያወራል፣ ቫዮሊኖቹን አንድ መስመር ለሃያ ደቂቃ ያስደግማል፤ ትሮምቦኖቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ክረምቱ ሳያልቅ ሆርን ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ማንም በደመወዝ አልታሰረም። ሰልችቶት የሚቀር ሰው ደብዳቤ አያስገባም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል።

ስለዚህ መታየት ያለበት ልምምዱ ነው። ለእያንዳንዱ እጩ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ልምምድ ስጡት፤ ሙዚቃውን መሐል ላይ እንዴት እንደሚያቆም ተመልከቱ። ጥሩ መሪ ሲያቆም ምን እንደተበላሸ፣ የት እንደተበላሸና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እንደገና ያስጀምራል። «እስቲ ድገሙት» ብሎ ለምን እንደሆነ የማይናገር፣ ስህተቱ በራሱ ጊዜ እንዲስተካከል እየጸለየ ነው። ሦስተኛዋ ክላርኔት ተጫዋች የደረሱበት ቦታ ሲጠፋት ምን ያደርጋል? ዓይኑን ያጉረጠርጣል ወይስ መግቢያዋን በእጁ ያሳያታል? ግማሹ ቪዮላ ጉንፋን ይዞት የቀረ ማታስ ዕቅዱን ይቀይራል? በሰዓቱ ይጨርሳል? ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገ ንጋት ላይ ፈረቃ ያለባትን ነርስ ጠይቋት።

አንድ የጋራ ፈተናም ያስፈልጋል። ሁሉም እጩ ከራሱ ፕሮግራም ሌላ አንድ ዓይነት ሥራ ለሃያ ደቂቃ ያለማምድ። የቤትሆቨን የአንደኛ ሲምፎኒ መጀመሪያ ይበቃል፤ የሚያውቀው ብዙ ነው፣ አጀማመሩም ቀልድ አይደለም። ያኔ ንጽጽሩ በመሪዎቹ መካከል ይሆናል።

ማን ይፍረድ? እዚህ ላይ ለራሴ ረድፍ አዳላለሁ። እንግዳ መሪ ለመጀመሪያው ቫዮሊን አለቃ ሁልጊዜ ጨዋ ነው፤ የቦርዱን ሊቀመንበር ደግሞ በስሙ ይጠራዋል። ጠባዩ የሚታየው ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ስም የሌለበት ወረቀት ይዞር፤ ለሁሉም እጩ ተመሳሳይ ጥያቄ ይኑረው፤ ሰው ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ሐሜት ሳይለዋወጥ እዚያው ይሞላ።

ባለሙያዎቹ ዘንድ ተጫዋች መሪውን መምረጡ ነውር አይደለም። የጀርመኑ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ዋና መሪውን የሚመርጠው በራሱ ሙዚቀኞች ድምፅ ነው። በግንቦት 2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ120 በላይ ተጫዋቾች በርሊን ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብተው 11 ሰዓት ያህል ተከራከሩ፤ ሳይስማሙ ተበተኑ። በሰኔ እንደገና ተሰብስበው ኪሪል ፔትሬንኮን መረጡ። ፔትሬንኮ እስከዚያ ድረስ እነሱን የመራው በሦስት ፕሮግራሞች ብቻ ነበር። ቃለ መጠይቅ መስጠት የማይወድ፣ ከቴሌቪዥን የሚሸሽ ሰው ነው። በዝና ቢሆን ኖሮ ከእሱ የሚቀድም ሞልቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን አብረውት ሠርተው ያውቁታል።

ተጫዋች አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። በ2005 የአሜሪካው የባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ማሪን አልሶፕ እንዳትሾም፣ ፍለጋው እንዲቀጥል በአደባባይ ጠየቁ። ቦርዱ አልሰማቸውም፤ ሾማት። ትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ በዋና መሪነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ከ2007 እስከ 2021 መራች። ብዙዎች ዘመኗን የሚያነሱት በመልካም ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ድምፅ የቦርዱ ቢሆን አልቃወምም፤ ገንዘቡን የሚያፈላልገውም እሱ ነው። ግን ከተጫዋቾቹ ወረቀት የተለየ ውሳኔ ከወሰነ ምክንያቱን ፊት ለፊት ይናገር።

የአልሶፕ ነገር ሌላም ያስታውሳል። ተጫዋች ሲቀጠር በብዙ ትልልቅ ኦርኬስትራ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይፈተናል፤ ፈታኙ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው። መሪን ከመጋረጃ ጀርባ መፈተን አይቻልም። ስለዚህ «መሪ ይመስላል» የሚባለው ነገር ሾልኮ ይገባል፦ ቁመት፣ ሽበት፣ የአውሮፓ አነጋገር። አነጋገሩ ላይ እንኳ ኮሚቴዎች በቀላሉ ይሸነፋሉ።

እኛ አገር መሪ ሲሾም ተጫዋች የተጠየቀበት ዘመን ብዙም አይታወቅም። በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም በባንድ የሚጫወቱ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ሲያስመጡ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ከላይ የተሾመ ነበር። በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በአዲስ አበባ ብዙ ባንዶችንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች አሠልጥኗል። እነዚህን ሰዎች ድምፅ ሰጥቶ የመረጣቸው ተጫዋች የለም፤ ሆኖም አሻራቸው እስከ ዛሬ አለ። ለምን ቢባል ሁለቱም ከምንም በፊት አስተማሪ ነበሩ። ኖታ አስነበቡ፣ መሣሪያ አስያዙ። የማኅበረሰብ ኦርኬስትራ የሚያስፈልገውም ይኸው ዓይነት ሰው ነው። እጩው ትልቅ መድረክ ላይ መቆሙ ጥሩ ነው፤ ደካማ ተጫዋች አሻሽሎ ያውቃል ወይ ብላችሁ ግን መጀመሪያ ጠይቁ።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሙዚቃ ክፍል ውስጥ መሪነት የሚያጠና ተማሪ፣ የሁለተኛ ደረጃ ባንድ የሚያሠለጥን መምህር፣ በአቅራቢያ ያለ የባለሙያ ኦርኬስትራ ረዳት መሪ። ሦስት ሰዓት ነድቶ የሚመጣ እጩ በበረዶ ወራት ይሰለቻል። ከማመልከቻው ጋር ያልተቆራረጠ የልምምድ ቪዲዮ ጠይቁ፤ ካሜራው በተጫዋቾቹ በኩል ሆኖ የመሪውን ፊት የሚያሳይ። ጀርባውን ብቻ የሚያሳይ የኮንሰርት ቪዲዮ ስለ ኮቱ ስፌት ካልሆነ በቀር ብዙ አይነግራችሁም። ምስክር ብሎ ከጻፋቸው ሰዎች ውጭ ደግሞ በፊት አብረውት የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ፈልጋችሁ ደውሉ።

ክፍያውን ማስታወቂያው ላይ ጻፉት፤ «በስምምነት» እያላችሁ የሰው ጊዜ አትብሉ። የመጀመሪያው ውል ሁለት ዓመት ይሁን፤ ሳይታደስ በፊት ያው ስም አልባ ወረቀት እንደገና ይዙር። ከውስጣችሁ በጊዜያዊነት የሚመራ ሰው ካለ፣ እጩ ይሁን አይሁን ፍለጋው ሳይጀመር ወስኑ፤ ሁለቱንም ልሁን ካለ ጓደኞቹ ሐሳባቸውን በነጻነት አይጽፉም።

ያልተመረጡትን እጩዎችም ሰው ይደውልላቸው፤ ውጤቱን ከፌስቡክ መስማት የለባቸውም። አዲሱ መሪ አንድ ቀን ሲታመም የምትጠሩት ከእነሱ አንዱን ነው።