ቀዩ መብራት የማይጠፋው በእኔ ጥፋት አይደለም!

የቢሮው ስልክ ላይ የተተወ የድምፅ መልእክት (ቮይስሜይል) በኢሜይልም ይመጣል፤ ኢሜይሉ ላይ ከተደመጠ በኋላ ግን የቢሮው ስልክ ቀይ መብራት አይጠፋም። ምክንያቱን ስናገር «ኢሜይሉ ስልኬ ላይ ይሠራል እኮ!» የሚለውን ነገር ከዛሬ ወዲያ መስማት አልፈልግም። በቃኝ! አዎ፣ ስልክዎ ላይ ይሠራል። አይፎኑ ሲገባ የማይክሮሶፍትን ገጽ ከፍቶ፣ ኮድ ተቀብሎ፣ ቶክን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ይዞ ነው። ያ የድምፅ መልእክቱን የሚይዘው አሮጌ የቮይስሜይል ሰርቨር ግን የሚያውቀው ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በኢማፕም በፖፕም (ፕሮግራሞች ገቢ ኢሜይል በሚያዩባቸው ሁለት መንገዶች) በፓስዎርድ ብቻ መግባትን መዝጋት ጀመረ፣ ዘጋውም። አለቀ! ፓስዎርዱን መቶ ጊዜ ብንጽፈው አይከፍትም።

ይህንን ነው ዛሬ ከቢሮው አለቃ ከጋሼ ጋር ታክስ ሊያሠራ ወረፋ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት የተከራከርነው።

«ፓስዎርዱ ትክክል ነው አይደለም?»
«ትክክል ነው ጋሼ፣ ግን...»
«ትክክል ከሆነ ለምን አይገባም?»
«ማይክሮሶፍት በፓስዎርድ ብቻ መግባት ከልክሏል፤ ሰርቨሩ ደግሞ አዲሱን መንገድ አያውቅም።»
«የምን አዲስ መንገድ? ኢሜይሉ ይመጣልኛል! ድምፁም ተያይዞ ይመጣል! የማይሠራው አንተ የነካኸው ብቻ ነው!»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። ጸሐፊዋ ሳትቀር አንገቷን ደፋች።

ጋሼ ሆይ፣ ኢሜይሉ መምጣቱ የሚያሳየው ወጪው (መላኩ) እንደሚሠራ ብቻ ነው! ሰርቨሩ ድምፁን በኤስኤምቲፒ (በኢሜይል መላኪያው መንገድ)፣ በፖርት (በመገናኛ በር ቁጥር) 587 በኩል ይልካል፤ ማይክሮሶፍት ያን ጊዜ ይህንን አልዘጋውም። ገቢ የሚባለው ሌላ ነው። ሰርቨሩ ራሱ በኢማፕ ወደ ሳጥንዎ ገብቶ የትኛው መልእክት እንደተነበበ፣ የትኛው እንደተሰረዘ ያያል፤ ያንን አይቶ ነው የስልኩን ቀይ መብራት የሚያጠፋው። መግባት ካልቻለ ኢሜይል ላይ ቢያዳምጡትም ስልኩ «አዲስ መልእክት አለ» ማለቱን አይተውም። መላክ ሌላ፣ ገብቶ ማየት ሌላ!

ከዚያ ምን ተባለ? «የወንድሜ ልጅ ይመጣና ያየዋል።» የወንድም ልጅ! ማይክሮሶፍት ሳይዘጋው በፊት ገብቶ ኢማፑን ወደ ፖፕ የቀየረው ማን ሆነና? ፖርት 995 አስገባ፣ «ኮፒ ሰርቨር ላይ ይቆይ» የሚለውን ሳያበራ ተወው። ፖፕ ያወረደውን ከሳጥኑ ይሰርዛል። የደንበኞች ድምፅ ከኢሜይሉ ጠፋ፣ ስድቡ ግን ወደዚህ መጣ። ቮይስሜይል ላይ ፖፕ አታስገቡ! የተነበበውን ካልተነበበው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ሌላውም አለ። ለኢማፕ ፖርት 993 ጽፎ ኤስኤስኤሉን (ምስጠራውን) ሳያበራ የሚተው ሰው፤ ያኔ ስህተት እንኳ አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይቆይና ጊዜው አለቀ ይላል። 993 ከሆነ ምስጠራው ከመጀመሪያው ነው፤ 143 ከሆነ ስታርትቲኤልኤስ ነው፣ ምስጠራው ከተገናኘ በኋላ ይጀምራል። አታቀላቅሉ! በኢሜይል ሰርቨሩ ስም ፋንታ አይፒ አድራሻ (ቁጥሩን) የሚጽፍም አለ። ሰርተፊኬቱ (የሰርቨሩ መታወቂያ) የተሰጠው ለስሙ ስለሆነ አይዛመድም። ከዚያ ያ ሰው «ሰርተፊኬቱን አታጣራ» የሚለውን ያበራና ሠራ ብሎ ይሄዳል። የሰው የታክስና የደመወዝ ጉዳይ በሚተላለፍበት ሳጥን! ይህ በጣም ያናድደኛል። ስሙን በትክክል መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የቮይስሜይል ሰርቨሩን ሰዓትም እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ከሄደ፣ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ፓስዎርድ ከመቀየር በፊት ቀኑን!

አስተሪስክ (የስልክ ሰርቨር ሶፍትዌር) ያላችሁ ደግሞ፦ ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖ፣ ገብቶም፣ መብራቱ ካልጠፋ ቮይስሜይል ዶት ኮንፍ (voicemail.conf) የሚባለው ፋይል ውስጥ ፖልሜይልቦክስስ (pollmailboxes) የሚለውን የስ (yes) አድርጉ። ሲጫን ኖ (no) ነው። ካልበራ ለውጥ የሚጠብቀው ከስልኩ ብቻ ነው፣ ኢሜይል ላይ የተደረገውን ዞሮ አያይም። ፖልፍሬክ (pollfreq፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያይ) 30 ሰከንድ ነው፣ ይበቃል።

ጂሜይል የምትጠቀሙ እድለኞች ናችሁ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ ባለ 16 ፊደል አፕ ፓስዎርድ (ለፕሮግራም የሚሰጥ ልዩ ፓስዎርድ) ታወጣላችሁ፤ አራት አራት አድርጎ ያሳየዋል፣ ስትጽፉት ያለ ክፍተት ጻፉ። ግን ዋናውን ፓስዎርድ ከቀየራችሁ እሱም ይሞታል። ማይክሮሶፍት ላይ ይህ ዘዴ ለኢማፕ አይሠራም፤ «ጎረቤቴ ቢሮ እንዲህ አድርገው ሠርቶላቸዋል» እያላችሁ አታድክሙን። ጎረቤቱ ጂሜይል ነው!

ማይክሮሶፍት ላይ ያለው መፍትሔ ሁለት ነው። ወይ ኦኦት (OAuth፣ ያንን በቶክን መግባት) የሚችል አዲስ ሶፍትዌር መግዛት፣ ወይ ለቮይስሜይል ብቻ ሌላ ቦታ ሳጥን መክፈት። የመጀመሪያው ገንዘብ ይጠይቃል፣ አይወጣም ተብሏል። ቢወጣ እንኳ ኤንትራ (የማይክሮሶፍት የአካውንት ማስተዳደሪያ) ላይ አፑን መዝግቦ የኢማፕ ፈቃድ የሚሰጠው አድሚኑ ነው፤ አድሚን አካውንቱን የከፈተው ልጅ ደግሞ ሥራ ከለቀቀ ቆየ፣ ስልክ ቁጥሩንም የያዘ ሰው የለም። እስቲ እሱን ፈልጉልኝና ከዚያ ስደቡኝ።