ባለቤቱን ፈርቶ አህያዋን

የብሎካችን ኮሚቴ ሰሞኑን ደረጃው ግርጌ ማሳሰቢያ ለጠፈ። ማኅተም አለው። እንዲያውም ሁለቴ ነው የተመታው፤ የመጀመሪያው ቀለም አልያዘም መሰለኝ። እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም ነዋሪ በግቢው ውስጥም ሆነ በአጥሩ ዙሪያ የሚያኖረው እንስሳ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ እንዳያሰማ ጥብቅ ማሳሰቢያ ይስጥ።»

ለማን ነው የሚሰጠው? ለዶሮው?

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እስቲ አንተ ወጥተህ አንብብለት፤ እኔን እንደሆነ ንቆኛል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ኮሚቴው ከመሬት ተነስቶ አልጻፈም፤ እሱን አምናለሁ። ዶሮው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከአጥሩ ማዶ የከሰል ነጋዴዋ አህያ ትቀበለዋለች። አህያ ስታናፋ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አየሩን ወደ ውስጥ ስትስብም ትጮኻለች፣ ስታወጣም ትጮኻለች። ትንፋሽ የምትወስድበት እረፍት እንኳ የላትም። ድሬ ላይ ደግሞ መስኮት ዘግቶ መተኛት የሚባል ነገር የለም። ዘግቶ የሚተኛ ካለ ወይ ኤሲ ያለው ነው፣ ወይ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው። እና እኔም እሰማለሁ። እኔም እነቃለሁ።

ግን በዚያው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ሠርግ ነበር። ሁለት ሞንታርቦ፣ እያንዳንዳቸው ከእኔ የሚረዝሙ፣ ፊታቸውን ወደ ብሎኩ አዙረው ቆሙ። ዲጄው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት «እጅ ወደ ላይ!» ሲል አመሸ። እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። እጄ የት እንደዋለ ምን አገባው? በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ሥር ወረቀት ተለጥፎ ሳይ ደስ አለኝ። ጠጋ ስል ስለ ዶሮ ነው የሚያወራው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ሰውየው በአህያው ተናዷል፤ ርግጫውን ደግሞ ይፈራል፤ ስለዚህ ጭነቱን ይደበድባል። ዳውላው ምን አጠፋ? አይራገጥም፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። እኔ ይህን ተረት የማላገኝበት ቦታ የለም። አለቃውን ፈርቶ ዘበኛውን። ባለሱቁን ፈርቶ የጉልት ቸርቻሪዋን። ሚስቱን ፈርቶ ሽሮውን። የመጨረሻው የራሴ ጭማሪ ነው፤ ምስክር ግን አለኝ። አባቶቻችን ያላሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው። በተረቱ ውስጥ አህያው ቢያንስ ይፈራ ነበር። በእኛ ብሎክ ግን አህያዋም ወደ ዳውላነት ወርዳለች። ባለቤቱን ፈርቶ አህያዋን፣ ባለሞንታርቦውን ፈርቶ ዶሮውን።

ስለ ዶሮ አንድ ነገር ልጨምር። አጠገቡ ሆናችሁ ብትለኩት ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ታዲያ እንዴት ራሱ አይደነቁርም? በፈረንጆቹ 2018 የቤልጅግ ተመራማሪዎች ይህን አጥንተዋል። ዶሮው አፉን እስከ ጥግ ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይዘጋል አሉ። ራሱን በደንብ አይሰማም ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሠርግ ላይ ማይክ የጨበጡ ሰዎችን በሌላ ዓይን ነው የማየው። አፍ ሲከፈት ጆሮ ይዘጋል። ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ ሞልቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጢሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታው፣ ጩኸቱና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ። የድምፅ ልክም ተቀመጠ፤ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቁጭ ብለው በሰላም ሲያወሩ 60 ገደማ ይደርሳሉ። ይህ እንግዲህ በሰላም ለሚያወራ ሰው ነው። የድሬ ሰው ሰላምታ የሚጀምረው ከመንገዱ ማዶ ነው። «አቦ! የት ጠፋህ አንተ!» ብሎ። መልሱም ከዚህ ማዶ በዚያው ልክ ይመለሳል፤ በመሃል ያለፈው ባጃጅም ሰላም ብሎ ያልፋል። ለንግድ ቦታ ቀን 65 ተፈቅዷል። ከፊራ ገበያ ገብታችሁ በ65 ዴሲቤል የቲማቲም ዋጋ ጠይቁ እስቲ። ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

ያው አንቀጽ 1225 ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው። የአካባቢው ልማድ ግምት ውስጥ ይግባ ይላል። እዚህ ላይ ለሕግ አውጪው እጅ ነሳሁ። የድሬን ልማድ የሚያውቅ ዳኛ ቢገኝ ሰዓቱን ሁሉ ይገለብጠዋል። ድሬ ላይ እውነተኛው ሌሊት ቀን ነው። 7 ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም፣ ሱቁ ይዘጋል። ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ውሾች ይዘረራሉ። የሚቅመው ወደ በርጫው ይገባል፣ የማይቅመው ይተኛል። የቃመው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተመርቅኖ ስለ ዓለም ፖለቲካ በረንዳ ላይ ሲያስረዳ ያመሻል። ለእሱ የአህያዋ ድምፅ ደጋፊ ሐሳብ ነው። ለምንተኛው ሰዎች የሚያስፈልገን የቀን ጸጥታ ነው። በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅሰን ደግሞ እንስሳ አይደለም። አህያዋም ጥላ ፈልጋ ቆማለች። የሚቀሰቅሰን ባጃጅ ነው። የድሬ ባጃጅ ጥሩምባ የሚነፋው መንገድ ለማስለቀቅ አይደለም። ሰው ስላየ ነው። ሰው ካላየም፣ ሊያይ ስለሚችል ነው።

አንዳንዱ «ድሮ ድሬ ጸጥ ያለች ነበረች» ይላል። የትኛዋ ድሬ? ይህች ከተማ እኮ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት፣ በ1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ዳር ደረሰ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በፉጨት ነው። ያኔ የእኛ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አታፉጭ» ብሎ ባቡሩን ወደ ጅቡቲ ይመልሰው ነበር። እኛም ዛሬ ወረቀት የምንለጥፍበት ደረጃ አይኖረንም ነበር።

ፈረንጅ አገር ይህን ጉዳይ በቁም ነገር ይዘውታል። ኒውዮርክ ከተማ የቤት እንስሳ ጩኸት በደቂቃ ነው የሚለካው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳያቋርጥ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሌሊት ደግሞ 5 ደቂቃ ከጮኸና ጎረቤት ቤት ከተሰማ ባለቤቱ ይጠየቃል። ልብ በሉ፣ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የእኛዋ አህያ አንዴ ስታናፋ አንድ ደቂቃ አትሞላም። ኒውዮርክ ብትኖር ሕግ አክባሪ ነበረች።

ያንን ሐዲድ የሠሩት ፈረንሳዮች ደግሞ ዶሮ ፍርድ ቤት አቁመዋል። ሞሪስ ይባላል። አንዲት ደሴት ላይ ይኖራል፤ ለእረፍት የሚመጡ ጎረቤቶች ንጋት ላይ ጮኸብን ብለው ከሰሱ። በፈረንጆቹ 2019 ሞሪስ ረታ። ከሳሾቹ ለባለቤቱ 1,000 ዩሮ ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። በ2021 ደግሞ የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሞሪስ ሕጉን ሳያይ ሞተ። በበሽታ ነው የሞተው። ይህን ለሦስተኛ ፎቋ እናት ስነግራቸው ብዙ አሰቡና፣ «ሳይበላ?» አሉኝ።

ወደ ሐረር ብትወጡ ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው። ጁገል ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሰው ለጅብ በር ትቶለት ይተኛል። እዚያ ያለችው አክስቴ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ሰምታ «ድምፁ ይቀነስ» ብላ አታውቅም። ጅብ ሰይጣን ይበላል ይባላልና፣ እንዲያውም ካልሰማች ነው የምትጨነቀው። አንድ ጊዜ እኛ ብሎክ መጥታ አደረች። ጠዋት ፊቷ አብጦ ተነሳች። ጅብ ለምዳ መኪና አላስተኛትም።

መኪናውን አክስቴ ካነሳችው አይቀር ልናገረው። ከመስኮቴ ሥር የምትቆም መኪና አለች። የስርቆት መከላከያ ተገጥሞላታል። ሌሊት ድመት ኮፈኑ ላይ ስትዘል መጀመሪያ «ዊው ዊው» ትላለች፣ ቀጥላ «ጢጥ ጢጥ»፣ ከዚያ እንደ አምቡላንስ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። ባለቤቱ ብቻ አይነቃም። ሌባ ቢመጣ መኪናዋን ከነጩኸቷ ይዟት ጅቡቲ ይገባል። ሄጄ ነገርኩት፤ በትሕትና፣ ቡና እየጠጣን። «ድመቷ ናት እኮ አቦ!» አለኝ። ኮሚቴውም ነገሩን ሰማና በቃለ ጉባኤ አሰፈረው። እንዲህ ተብሎ፦ «ባለቤት የሌላቸው ድመቶች በሚፈጥሩት የድምፅ ሁከት ላይ ውይይት ተደርጓል።» ድመቷ እኮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም! ዘለለች እንጂ አልጮኸችም። የጮኸው በገንዘብ ተገዝቶ የገባ ዕቃ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሰውዬ ሰላም የምለው በግማሽ አፌ ነው።

እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ሁለተኛ ፎቅ የሌሊት ተረኛ ነርስ አለች። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕመም ስታስታምም አድራ ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች። ልትተኛ ስትል ከታች ያለው ፀጉር ቤት ስፒከሩን ወደ መንገድ ያወጣል። ፀጉር የሚቆረጠው ውስጥ ነው፤ ሙዚቃው ለምን ውጭ ይቆማል? ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሷም አልጠየቀችም። ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ ደርባ ትተኛለች። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘኋትና «ለምን አትነግሪውም?» አልኳት። «ተወው፤ እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ድንኳን ያስተከለልን እሱ ነው» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ?

አንቀጽ 1225 ያላሰበው ይህችን ነው። ሕጉ ከሳሽ ይፈልጋል። ከሳሹ ደግሞ ነገ ለቅሶ ይኖርበታል። ወንበር የሚያዋሰው፣ ውኃ የሚቀዳለት፣ ሬሳ የሚያነሳለት ያው ባለሞንታርቦ ነው። ዶሮ ግን ለቅሶ አይደርስም። አህያዋም በእድራችን አልተመዘገበችም። ስለዚህ ወረቀቱ ለእነሱ ተጻፈ። ስለ አምልኮ ቦታዎች ድምፅ ማጉያ ደግሞ አትጠይቁኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ።

ምን ልል ነበር የተነሳሁት? አዎ፣ ማሳሰቢያው። በበኩሌ እንስሳቱ የሚያሳስቡ አይመስለኝም። ዶሮው መጪውን በዓል አያልፍም፤ ድስቱ ተመርጧል። አህያዋ ከአጥሩ ማዶ ናት፤ ኮሚቴው እዚያ ሥልጣን የለውም። የቀረን ሞንታርቦው ነው። የማኅተሙን ቀለም አድሰው ስለ እሱም አንድ መስመር ቢጨምሩ ብዬ ሰብሳቢያችንን ላናግረው ወሰንኩ። ወረድኩ። እሱም ሊያገኘኝ እየወጣ ነበር። ቅዳሜ ልጁን ይድራል። ድንኳኑ የሚተከለው እኔ መስኮት ሥር ነው። ሞንታርቦ የሚያከራየው ልጅ ስልክ እኔ ጋ እንዳለ ሰምቶ፣ እባክህ ደውልልኝ አለኝ። ደወልኩ። ልጁ «ትልቁን ነው ትንሹን?» ሲለኝ ሰብሳቢያችን አጠገቤ ቆሞ አፌን አፌን ያየኛል።