ዴላዌር ሄደሽ ቢሆን ኖሮ

ሐበሻ አዲስ ዕቃ ሲያይ «በደስታ ተጠቀሚበት» ከማለቱ በፊት «ስንት ገዛሽው?» ይላል። እሱን ለምጄዋለሁ። እኔም እጠይቃለሁ። ያልለመድኩት ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። «ከየት?»

ባለፈው እሑድ ዕቁብ ተሰብስበን ለልጄ ላፕቶፕ መግዛቴን ተናገርኩ። ኮሌጅ ልትገባ ነው። የዕቁባችን ዳኛ ሊጎነጩት የነበረውን ቡና መልሰው አስቀመጡት።

«ስንት?»

«አንድ ሺህ ዶላር።»

«ከነታክሱ?»

«ታክሱ ስልሳ መጣ፣ ጋሼ።»

«ከየት?»

«እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ።»

ጋሼ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውይ ልጄ! ስልሳ ዶላር ሜዳ ላይ በትነሽ መጣሽ? ዴላዌር ሄደሽ ቢሆን ኖሮ እኮ ሰባራ ሳንቲም አትጨምሪም ነበር።» ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ልጄ ኮሌጅ መግባቷን የሰማ የለም። የትኛው ኮሌጅ ብሎ የጠየቀም የለም። ሁሉም የሰማው ስልሳዋን ነው።

ጎረቤታችን ግዛት ዴላዌር የሽያጭ ታክስ እንደሌላት እውነት ነው። ሺህ ከተባለ ሺህ ከፍሎ መውጣት ነው። ለደግነቷ ግን እንዳይመስላችሁ። ግብሩን የምትወስደው ከገዢው ሳይሆን ከሻጩ ጠቅላላ ሽያጭ ላይ ነው። በዚያ ላይ ከነዋሪዎቿ ቁጥር የሚበልጡ ኩባንያዎች እሷ ዘንድ ተመዝግበው በየዓመቱ ይከፍሏታል። አብዛኞቹ ኩባንያዎች እግራቸው ረግጧት አያውቅም። የእኛ ሰው ግን ረግጧታል። እዚያ ያለውን የገበያ ማዕከል፣ ክሪስቲያና ሞልን፣ እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል። የቱ በር ለመኪና ማቆሚያ እንደሚቀርብ፣ የቱ ሱቅ የተገዛ ዕቃ ለመመለስ እንደማያስቸግር አንድ በአንድ ይነግራችኋል።

ጋሼ የዕቁብ ሒሳብ ላይ ወደር የላቸውም። ማን ስንት እንደጣለ፣ ማን ስንት እንደቀረበት ወረቀት ሳይነኩ ነው የሚናገሩት። እስቲ የዴላዌሩን ሒሳብ እኔ ልሥራላቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ክሪስቲያና ወደ 90 ማይል ነው። ደርሶ መልስ 180። በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ መኪና 6 ጋሎን ትጠጣለች። ባልቲሞር ያለው መሿለኪያ ስትሄዱም ስትመለሱም ቶል፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ፣ አለው። ፔሪቪል ላይ ወደ ሰሜን ስትወጡ ቶል አለ። ዴላዌር ድንበሯ ላይ ስትገቡም ስትወጡም ታስከፍላለች። ቶሉ በራሱ የሚቆረጥበት የሜሪላንድ ኢዚፓስ መኪናው ላይ ላለው ሰው ሁሉም ተደምሮ ወደ 20 ዶላር ነው። ነዳጁንም 20 በሉት። ከስልሳዋ 20 ቀረች። ሞል ገብቶ ሳይበላ የሚወጣ ቤተሰብ ካለ እጁን ያውጣ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አያቴ በቀን አንድ ጊዜ ሳትተርተው አትውልም ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እኔ ላይ። ሁሌም የሚገርመኝ ቆጡ ላይ ምን እንደነበረ ማንም አለመጠየቁ ነው። ምናልባት አንዲት ዶሮ ናት። ምናልባትም ባዶ እንቅብ። ደግሞ ለምን ሴትዮዋ ላይ ተተረተ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆጥ ላይ ሲንጠለጠሉ ያየኋቸው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ወንዶች ናቸው። ብብት ውስጥ የነበረውን ግን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በወር አንዴ ያገኛት ቅዳሜ። እሷን አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ከትልልቅ የጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ይጨርሳታል። ማታ ደክሞት ሲገባ «ስልሳ ዶላር አተረፍኩ» ይላል።

ሲያትል ያላችሁ ግን ሂዱ፤ አልቀየማችሁም። የእናንተ ታክስ ከ10 በመቶ በላይ ነው፤ ጎረቤታችሁ ኦሪገን ደግሞ ዜሮ።

ጉዳዩ በሒሳብ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። እኔ ግን አላስቀረሁትም። «ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ዴላዌር የገዙትን ሜሪላንድ አምጥተው ከተጠቀሙበት 6 በመቶውን ራስዎ አስታውቀው ይክፈሉ ነው የሚለው» አልኳቸው። የመጠቀሚያ ታክስ የሚባል ነገር አለ። ቅጽም አለው። ድንበር ላይ የሚፈትሽ የለም እንጂ ግዴታው ያው ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠችው ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አንቺ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ለመንግሥት መሥራት የጀመርሽው?» አለችኝ። እኛ የመጣንበት አገር ጆሮ ጠቢ የሚባለው ቀልድ አይደለም። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ሦስት ሰዎች ወሬያቸውን ወደ አየር ጠባይ ቀየሩ።

ደግሞ አሉላችሁ፣ የፖቶማክን ወንዝ ወደ ቨርጂኒያ የሚሻገሩት። «ለልብስ ቨርጂኒያ ነው የሚያዋጣው» የምትል አንዲት እህት አለችን። በየወሩ እዚያ ወዳለው የገበያ ማዕከል፣ ፖቶማክ ሚልስ፣ ትወርዳለች። ሜሪላንድ 6 በመቶ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያም 6 በመቶ ነው። ዋሽንግተን ዲሲም ለዓመታት 6 ነው የኖረው። ከ6 ሸሽታ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ በትራፊክ ተሰቃይታ 6 ከፍላ ትመለሳለች። ቅናሽ ስላለ ነው የምሄደው ብትል እሺ። እሷ የምትለው ግን «ታክሱ ይሻላል» ነው። አንድ ቀን ደረሰኙን አውጪ ልላት ነበር፤ ከጆሮ ጠቢነቱ በኋላ ተውኩት።

እንጀራማ ጉድ ነው። ሜሪላንድ ከግሮሰሪ ገዝታችሁ ቤት ወስዳችሁ የምትበሉትን ምግብ አትቀርጥም። ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2023 ወዲህ 1 በመቶ ትወስዳለች። ስለዚህ ያው እንጀራ ወንዙን ሲሻገር ይቀረጣል። የክትፎው ይብሳል። 20 ዶላር የሚባል ክትፎ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትበሉ ታክሱ 1 ዶላር ከ20 ነው። ዲሲ የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ ስለሆነ 2 ዶላር ይሆናል። አሌክሳንድሪያ ከተማዋ የራሷን 5 በመቶ ስለምትጨምርበት 11 ይሞላና 2 ዶላር ከ20 ይመጣል። ጉርሻው ሳይቆጠር ነው። በዕቁባችን ታሪክ ግን «ክትፎ ከየት በላሽ?» ብሎ ራሱን የነቀነቀ ሰው የለም። ጋሼ ራሳቸው የልጃቸውን ምርቃት ያበሉን አሌክሳንድሪያ ነው። ስለ ታክሱ ትንፍሽ አላሉም።

ይህ የቴሌቪዥንና የላፕቶፕ ታክስ ብቻ የሚያንገበግበው ምን ዓይነት ሆድ ነው?

እኔን የሚያናድደኝ ታክሱ አይደለም። የተለጠፈው ዋጋ መዋሸቱ ነው። ሸቀጡ ላይ 9.99 ይላል። አሥር ዶላር ይዛችሁ ስትሄዱ ካሸሯ 10.59 ትላችኋለች። ከኋላ ሰው ተሰልፎ ቦርሳ ውስጥ ሳንቲም መቆፈር ነው። ይህ ነገር ለእኔ አዲስ አበባ የጀመረ ቂም አለው። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ሰሞን ሁለት አክስቶቼን ስሙ የተጠራ ሆቴል ጋበዝኳቸው። ምናሌውን አይቼ፣ ብሬን ቆጥሬ፣ በልክ አዘዝኩ። ሒሳቡ ሲመጣ ሩብ ያህል ጨምሮ መጣ። አስተናጋጁ ምናሌውን ገለበጠና ከግርጌው ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አሳየኝ። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ፣ ዋጋው አያካትትም። ቫቱ ደግሞ ሰርቪስ ቻርጁ ከተጨመረ በኋላ በድምሩ ላይ ስለሚሰላ 100 ብር የተባለው 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ታላቅ አክስቴ ከጡቷ ሥር መሐረቧን አውጥታ ፈታች። ያቺን መሐረብ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ሆቴሉንም ይቅር አላልኩትም። ለመሆኑ ሊከፈል የሚገባውን ዋጋ በትልቁ መጻፍ ምን ይጎዳል? ምግቡን ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ ሰው ቁጥር መደመር ያቅተዋል?

ቫት አገራችን የገባው በ1995 ዓ.ም. ነው። የሽያጭ ታክሱን ተክቶ መጣ። አብሮት አንድ ጥያቄ ተወለደ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» መርካቶ የገዛ ሰው ያውቃታል። በደረሰኝ ካላችሁ 15 በመቶ ይጨመራል። ያለ ደረሰኝ ካላችሁ ነጋዴው ወንድማችሁ ይሆናል። እዚህ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም። ያ ገንዘብ የነጋዴውም የገዢውም አይደለም። ደመወዝተኛው ገና እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጥበታል፤ እሱን «ያለ ደረሰኝ ይሁንልህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጋሼ ግን ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄደው የቤታቸውን ሴራሚክ ሙሉውን ያለ ደረሰኝ እንደገዙ ዕቁብ ላይ አውርተውልናል። ተጨብጭቦላቸዋል። በዚያው ትንፋሽ የሰፈራቸው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ መሆኑን፣ ውሃም በሳምንት አንዴ ብቻ እንደሚመጣ በምሬት ነግረውናል። ለእሱም «ውይ ውይ» ተብሎላቸዋል።

የዴላዌር ዝና ደግሞ እዚህ ብቻ መሰላችሁ? ገርጂ ያለችው የአክስቴ ልጅ አሜሪካን ረግጣ አታውቅም። ወደ አገር ቤት ልሄድ መሆኑን የሰማች ዕለት ደወለች። «አንድ ስልክ ብቻ፣ በናትሽ። ዴላዌር የሚባል ቦታ ታክስ የለውም አሉ።» ማን ነግሯት ነው? ስልኩን ተከትሎ የልጇ ጫማ መጣ፤ ጫማውን ተከትሎ የባሏ ቫይታሚን። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ የእኔ ልብስ በእጅ ቦርሳ ሄደ። ስልኩን ሳስረክባት አገላብጣ አየችውና «ስንት ገዛሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። «አይ፣ ዱባይ ይረክስ ነበር» አለች።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ መሰለኝ። ይሠራል። ልጄ ወዳዋለች። በገዛነው ማግስት ቻርጀሩ አልሠራ ብሎ ነበር፤ ሱቁ አሥር ደቂቃ ስለሆነ ቀይረን መጣን። ይህን ለጋሼ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው ደወሉ። ለታንክስጊቪንግ ሰሞን አራት ሆነን ዴላዌር እንሂድ፣ ቶሉን እንካፈላለን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳ አሉ። ምን ሊገዙ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እዚያ ስንደርስ እናየዋለን» አሉኝ።

እኔ ከጠበቅሁ የምጠብቀው ነሐሴን ነው። ሜሪላንድም በዓመት አንዴ እጇ ይፈታል። በፈረንጆቹ ኦገስት ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ልብስና ጫማ ያለ ታክስ ይሸጣል። ነዳጅ የለ፣ ቶል የለ። አንዱ ዕቃ ግን ከ100 ዶላር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ይቀረጣል። ትንሹ ልጄ የመረጠው ጫማ 110 ነው። ያንን ጫማ ካልሆነ በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብሏል።